ጉርሻ የመለሰው መልእክተኛ

«አንድ መልእክተኛ ነበረ» ብለው ጀመሩ መምህር ወንድይፍራው።

የጠየቀቻቸው የእህታቸው ልጅ ትርሲት ነበረች። ኮሌጅ ከገባች ወዲህ ሰውነቷ ጨምሯል፤ የቀድሞ ልብሶቿ ጠበዋታል፤ ወደ መማሪያ ክፍሏ የሚያወጣውን ደረጃ ስትጨርስ ቃል መተንፈስ ያቅታታል። ለዕረፍት መጥታ ልትጠይቃቸው ጎራ ባለችበት ያስጨነቃትን አወጣች። ከክፍል ወደ ቤተ ሙከራ፣ ከቤተ ሙከራ ወደ ቤተ መጻሕፍት ስትሮጥ እንደምትውል፣ በመንገዷ ያገኘችውን እየበላች እንደምታልፍ፣ ጓደኞቿም ስትመረቂ ትደርሽበታለሽ እንደሚሏት ነገረቻቸው። «ጋሼ፣ እንዲህ እየተዋከብኩ እንዴት አድርጌ ነው በአግባቡ በልቼ የምቀንሰው?» አለች። መምህሩ ይህን ሲሰሙ ነው ታሪኩን የጀመሩላት።

መልእክተኛው የአንድ ባላባት አገልጋይ ነበር። የባላባቱ አገር ሸንተረርና ሸለቆ የበዛበት ነው። ከአንዱ መንደር ሆኖ የሌላው መንደር ጭስ ይታያል፤ ለመድረስ ግን ገደል ወርዶ ዳገት መውጣት ይጠይቃል። በቅሎ የማይረግጠው መንገድ ብዙ ስለ ነበረ ባላባቱ እግሩ የቀለለ ሰው ፈለገና እሱን አገኘ። ያን ጊዜ ወጣት ነው፤ ቀጭን፣ ትንፋሸ ረጅም፣ ዳገት ላይ እያንጎራጎረ የሚወጣ። ሥራውንም ይወደው ነበር። አገር ቆሞ የሚሰማውን ቃል ይዞ መሄድ ያኮራዋል።

ሥራው ግን ማለቂያ አልነበረውም። ጠዋት ለዳኛው፣ ረፋድ ላይ ለባላባቱ አማች፣ ከቀትር በኋላ ለገበያው ሹም ቃል ያደርሳል፤ ተመልሶ ላቡን ሳይጠርግ ደግሞ ሌላ ይሰጠዋል። በአገሩ ወግ የባላባት መልእክተኛ ሳይቀምስ ከደጅ አይመለስም። አንዷ ቤት ቅቤ የጠገበ ፍትፍት ይቀርብለታል፣ ቀጥሎ ባለው ቤት የተጠበሰ ሥጋ፣ ከዚያ ወዲያ ባለው ቤት ደግሞ ጠላና ትኩስ ድፎ ዳቦ። አንደኛዋ ባለቤት ሌላዋ እንዳበላችው አታውቅም፤ ብታውቅም ከእሷ አንሳ መታየት አትፈልግም። እሱም ቆሞ ይጎርሳል፣ እየሄደ ያኝካል፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ አፉን ያብሳል። ሲደክመው ይርበዋል፤ ሲርበው ደግሞ ፊቱ የመጣውን ሁሉ ይበላል። ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ራት ታቀርባለች። ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ተቀምጦ ስላልበላ ምንም እንዳልቀመሰ ይሰማውና እንደገና ይበላል።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። መጀመሪያ ሰውነቱ ሞላ፤ ያየው ሁሉ አምሮብሃል፣ ተመችቶሃል ይለው ጀመር። እውነትም ደስ አለው። ቀጥሎ ቀበቶው አልደርስ አለ፤ ከዚያ ጉልበቱ ማታ ማታ ይጠዘጥዘው ጀመር። መንገድ ላይ የሚያገኙት ጎረምሶች ሲመጣ እያዩ ለመቀመጫ የሚሆን ድንጋይ አንከባለው ያዘጋጁለትና ይስቃሉ። አብሯቸው ይስቃል፤ ድንጋዩም ላይ ይቀመጣል። ባላባቱ ግን ኮራበት። እንግዳ በመጣ ቁጥር መልእክተኛውን አስጠርቶ ያቆመውና የቤቴን ጥጋብ ከዚህ ሰው እዩ ይላል። እንግዶቹም ሆዱን አይተው ባላባቱን ያመሰግናሉ። እሱ ራሱን አጎንብሶ ቆሞ እስኪሰናበት ይጠብቃል። አንድም ቀን ምን ይሰማሃል ብሎ የጠየቀው የለም።

አንድ ቀን ሁለት መንደሮች በግጦሽ መሬት ተጣሉ። የላይኞቹ ከሸንተረሩ ጫፍ፣ የታችኞቹ ከሸለቆው መጥተው ሜዳው ላይ ሊጋጠሙ እንደ ሆነ ወሬው ለባላባቱ ደረሰ። ባላባቱ መልእክተኛውን ጠርቶ «እጃችሁን ሰብስቡ፤ ነገሩን እኔ ራሴ መጥቼ እዳኛለሁ በላቸው» ብሎ በጠዋት ላከው። ቃሉ ከደረሰ ጠቡ እንደሚበርድ ሁሉም ያውቅ ነበር። የባላባቱን ቃል አልፎ እጁን የሚያነሣ አልነበረም።

መልእክተኛው ፈጥኖ ተነሣ። በመንገዱ ያለች አንዲት ባለጠጋ ሴት ግን ከደጇ ወጥታ ጠበቀችው። እንደቸኮለ ነገራት፤ አንድ ጉርሻ ብቻ ብላ ያዘችው። እምቢ ማለት ነውር ሆኖበት ቆመ። አንዱ ጉርሻ ሌላ አስከተለ፣ ጠላውም መጣ፣ ሲወጣ ሆዱ ከብዶት ነበር። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ፀሐይዋ ከረረች። ጥቂት ወጣና ቆመ። ደግሞ ጥቂት ወጣና ተቀመጠ። ልቡ ጆሮው ውስጥ ይመታል፤ እግሩ ሂድ ሲለው አይሄድም። ተነሥቶ ድንጋይ እየጨበጠ፣ በአራት እግሩ እንደሚሄድ ከብት እየዳኸ ወጣ። ጫፉ ላይ ከመድረሱ በፊት የሴቶች ጩኸት ሰማ።

ሜዳው ላይ ሲደርስ ጠቡ አልቋል። አንድ ገና ጺሙ በቅጡ ያልበቀለ ወጣት መሬት ላይ ተቀምጦ፣ እናቱ የቀኝ እጁን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛዋለች። በመጥረቢያ ተመቶ ነበር፤ እጁ ከዚያ ወዲያ እርፍ የሚይዝ እጅ አልሆነም። መልእክተኛው እያለከለከ የባላባቱን ቃል ተናገረ፤ ሌላ የሚያደርገው ነገር አልነበረውም። አንድ ሽማግሌ አዳምጠው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩትና «ቃሉ መልካም ቃል ነበር፤ ረፋድ ላይ ቢሆን ኖሮ» አሉት።

ባላባቱ አልተቆጣውም። ዳገቱ ክፉ ነው አለ፤ የተጎዳውን ልጅ ቤተሰብ በሬ ሰጥቶ አስታረቀ። መንደርተኛውም መልእክተኛውን አልወቀሰውም። እሱ ግን መንገድ ላይ ወጣቱን ባየው ቁጥር ፊቱን የሚያዞርበት ያጣ ነበር። ቢሰድቡት በወደደ።

ከዚያ በኋላ ልቀንስ ብሎ ተነሣ። መጀመሪያ ፈጽሞ መብላት ተወ። እህል ሳይቀምስ እየሮጠ ሰነበተና አንድ ቀን ገበያ መሐል ወድቆ ሰዎች ውኃ እየረጩ አነሡት። ነፍሱ ሲመለስ ያገኘውን ሁሉ በላ፤ ከቀድሞውም ባሰበት። ቀጥሎ በገበያው ዳር መድኃኒት የሚሸጥ አንድ ሰው ስቡን አቅልጦ ያወጣልሃል ያለውን ቅጠል ሰጠው። ጠጣው። ቀኑን ሙሉ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ሲያመላልሰው ዋለ፤ ዓይኑ ሰረጎደ፣ ከንፈሩ ደረቀ። ሰውየው ድጋሚ ጠጣ አለው፤ ጠጣ፤ ያው ሆነ። ውኃው ሲመለስ ሰውነቱም እንደ ነበረ ተመለሰ። በመጨረሻም ሥራው ጋብ ሲል አስብበታለሁ ብሎ ተወው። መኸሩ ሲያልፍ አለ። መኸሩ አለፈና የሠርግ ወቅት መጣ። ሠርጉ ሲያልፍ አለ። ሠርጉ አለፈና የግብር መሰብሰቢያ ደረሰ። ባላባቱ የሚልከው አላጣም፤ ሊያጣም አይችልም ነበር።

ባላባቱ ልጁን ሲድር ታላቅ ድግስ ደገሰ። ዳሱ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። መልእክተኛው ለጥሪው ስንት ቀን ሲዳክር ከርሞ፣ ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ እንግዳ ሲያስገባና ሲያስቀምጥ ውሎ፣ እግሩ አብጦ ከዳሱ ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። ጠጁ ደራ፤ ባላባቱ ደስ አለውና እንደ ልማዱ አስጠራው። እንግዶቹ መሐል አቆመው። ከፊቱ ካለው ጥሬ ሥጋ ጮማውን መርጦ በእንጀራ ጠቀለለ፣ ሚጥሚጣ አስነካ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ጉርሻ አደረገው። እጁንም ዘርግቶ፣ ይህን የበላ አገልጋይ ያለው ሌላ ቤት ካለ ንገሩኝ አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

መልእክተኛው ጉርሻውን አየው። አልራበውም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ በእያንዳንዱ ገበታ አጠገብ ሲያልፍ እያጎረሱት ስለ ዋሉ ጉሮሮው ድረስ ሞልቶ ነበር። ባላባቱም አልራበውም ወይ ብሎ አልጠየቀም፤ ጉርሻው ለእንግዶቹ ዓይን የተዘጋጀ መሆኑን ያን ጊዜ አወቀ። ይህን ሁሉ ዓመት የሮጠው እሱ፣ የሚያመው ጉልበቱ፣ ዳገቱ ላይ ያለቀው ትንፋሹ፤ ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ስም መጠሪያ ሆኖ ኖሯል።  መጀመሪያ የተሰማው ፍርሃት መሰለው፤ ግን ቁጣ ነበር።

«አልጎርስም፣ ጌታዬ» አለ።

ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ባላባቱ ያልሰማ መስሎ ጉርሻውን ወደ አፉ አስጠጋ። መልእክተኛው አፉን ገጠመ። ከጉርሻው የወጣው የሥጋ ውኃ በባላባቱ ክንድ ላይ ወረደ።

«እጄን ትመልሳለህ?» አለ ባላባቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እመልሳለሁ።»

«በማን ቤት እንዳለህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ። እግሬን ቀጥረውታል፤ እሮጥልዎታለሁ። አንደበቴንም ቀጥረውታል፤ ቃልዎን ሳላዛባ አደርሳለሁ። ሆዴን ግን አልተዋዋልንበትም። የሚገባበትን እኔ ነኝ የምመርጠው።»

ጉርሻ መመለስ በዚያ አገር ትልቅ ንቀት ነው። ለባላባት፣ ያውም በልጁ ሠርግ፣ በእንግዳ ፊት ሲሆን ደግሞ ሊያስገርፍ ይችላል። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባላባቱ የሚያደርገውን ይጠብቅ ነበር። ባላባቱ ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰና እጁን አስታጠበ። በሠርጉ ቀን ደም የሚያፈላ ነገር ማድረግ አልፈለገም። መልእክተኛውን ከፊቱ አሰናበተውና፣ ከነገ ጀምሮ ሥራህን እጥፍ አደርገዋለሁ፣ እየተንበረከክህ ስትለምን እናያለን አለው።

እንዳለውም አደረገ። ቀድሞ በሁለት ሰው የሚላከውን ሁሉ በእሱ ላይ ጫነው። መልእክተኛው ከዚያ በፊት ጊዜ አልነበረኝም ካለ፣ አሁን ጨርሶ አልነበረውም። ጊዜ ባገኝ ማለቱን ያን ጊዜ ተወ፤ እንደማያገኝ አውቋልና።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱን ስንቅ ቋጥሪልኝ አላት። ሚስቱ ተቆጣች። ባላባት ቤት የሚበላ ሰው ስንቅ ቋጠረ ሲባል ምን ይሉኛል አለችው፤ ባሌን አላበላውም ይሉኛል። አልተከራከራትም። ብረት ምጣዱን ጣደና ገብሱንና ሽምብራውን ራሱ ቆላ። ከጓሮ ጎመን ቀንጥሶ ቀቀለ፣ ትንሽ ምስር ወጥ ጨምሮ በእንጀራ ጠቀለለ፣ በቅሉ ውኃ ሞላ። ጎረቤቶቹ በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው ወንድ ልጅ ምጣድ ጣደ ብለው ሳቁ። አንዱ ምን አርግዘህ ነው አለው። መልእክተኛው ቀና ሳይል መቁላቱን ቀጠለ።

መንገዱ ላይ ነገሩ ቀላል አልሆነለትም። የለመዱት ቤቶች ሁሉ ተቀየሙ። አንዲት ሴት መርዝ አበላዋለሁ ብሎ ጠረጠረኝ ብላ አለቀሰች። ሌላዋ ተኮፈሰ ብላ ስሙን አነሣች። ታሟል ያሉም ነበሩ፤ ታሟል ያሉት ጠበል ይሂድ አሉ። እሱ ውኃ ተቀብሎ ይጠጣል፣ ቤቱን ይመርቃል፣ ስንቄ አለኝ ይላል፣ ይሄዳል። ለለመኑት ሁሉ እሺ ቢል ኖሮ አንድም ቃል በሰዓቱ አይደርስም ነበር። ሲርበው ከመንገዱ ዳር ይቀመጣል። መቀመጡን አጥብቆ ያዘው፤ ባላባቱ ራሱ ቢጠራው እንኳ ሳይቀመጥ አይበላም። የሚበላውን እያየ ይበላል፣ ሲበቃው ቀሪውን ቋጥሮ ይነሣል።

የወደቀበትም ቀን ነበር። የአክስቱ ልጅ ሲሞት ለቅሶ ቤት ሄዶ፣ ኀዘኑም ድካሙም ተጨምሮበት፣ ያቀረቡለትን ሁሉ በላ፤ የአጠገቡን ሰው ድርሻም ጨመረበት። ሲመለስ ሚስቱ አየችውና ነገሩ ተበላሸ ብላ አዘነች፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሳታውቀው ከእሱ ጋር ቆማ ነበር። እሱ ግን ራሱን ለመቅጣት አልጾመም፣ ወደ ቅጠል ሻጩም አልሄደም። ጠዋት ተነሥቶ ምጣዱን ጣደ። ሽምብራውን ያን ቀን የቆላችለት እሷ ናት።

ሰውነቱ ቀስ እያለ ወረደ። ማንም ቀኑን ሊናገር በማይችል ሁኔታ ነው የወረደው። እንደ ወጣትነቱ ቀጭን አልሆነም፤ ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡም ወፈር ያለ ሆኖ ቀረ። የጉልበቱ ሕመም ግን ተወው። አንድ ቀን ዳገት መሐል እያንጎራጎረ መሆኑን ሰማና ራሱ ገረመው።

ባላባቱ ይህን ሲያይ ሌላ ነገር አመጣ። እንግዶች መልእክተኛው መክሳቱን አይተው ቤቱ ተራበ ወይ ብለው ያሙት ጀመር። ባላባቱ ጠራውና፣ ወይ እንደ ቀድሞው ብላ ወይ ዘንጌን መልስ አለው። ዘንጉ የመልእክተኛነቱ ምልክት ነው፤ እሱን የመለሰ እንጀራውን መለሰ። መልእክተኛው ዘንጉን ባላባቱ እግር ሥር አስቀመጠና ወደ ቤቱ ሄደ። የሚበላው ጥቂት እርሻ ነበረው፤ ያንን ማረስ ጀመረ።

ባላባቱ ሌላ ሰው ቀጠረ። አዲሱ መልእክተኛም በየቤቱ ሲበላ እየዋለ ቃሉ እየዘገየ መድረስ ጀመረ። አንድ የመሬት ክርክር በዚህ ምክንያት ተበላሸ፤ ባላባቱም ራሱ ዳኛ ፊት ቀርቦ ተዋረደ። ያን ጊዜ ዘንጉን በሰው ላከለት። መልእክተኛው ዘንጉን ከመንካቱ በፊት ሁለት ነገር ተናገረ፦ ስንቄን እኔ እቋጥራለሁ፤ ለእንግዳ ማሳያ ሁነኝ ብለው አይጠሩኝ። ባላባቱ ብዙ ቀን ተቆጥቶ ሰነበተና እሺ አለ። ከዚያ በኋላ በድግስ ቀን መልእክተኛው እንደ ሰው ሁሉ ገበታ ቀርቦለት ተቀምጦ ይበላ ነበር። ጮማም አማረው እንደ ሆነ ይቆርሳል። የሚያጎርሰው ግን አልነበረም፤ በገዛ እጁ ነው።

መምህር ወንድይፍራው ይህን ተናግረው ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ጊዜ የለኝም አልሽኝ። እውነትሽን ነው፤ የለሽም። ትምህርትሽ እንደዚያ ባላባት ነው፤ አንዱን ፈተና ስትጨርሺ ሌላ ይሰጥሻል፣ ብትመረቂም መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ይቀበልሻል። ጋብ እስኪል ከጠበቅሽ አርጅተሽ ነው የምትጀምሪው። እግርሽንና አእምሮሽን ትምህርትሽ ቀጥሯል፣ ሩጪለት። ጉሮሮሽን ግን ማን ሰጠው? የግቢሽ በር ላይ የሚጠበሰው ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ፣ በየክፍል ለውጡ የሚከፈተው ለስላሳ፣ ጓደኛሽ ልደቴ ነው ብላ የምታቀርበው ኬክ፣ ሲያጠኑ መሐል ላይ የሚቀመጠው ብስኩት፣ እነዚህ መንገድ ላይ ያሉት ቤቶች ናቸው። አንዱም ሌላው ቤት እንደበላሽ አያውቅም። ቁርስም ምሳም ትተሽ ማታ ብትጎርሺ፣ ያ ገበያ መሐል የወደቀበት ቀን ይሆንብሻል። መኝታ ክፍላችሁ ውስጥ ያከሳል ተብሎ የሚሸጠው ሻይ ደግሞ ያ ቅጠል ነው፤ እንዳትነኪው።»

ትርሲት ስንቅ ይዛ ብትገባ፣ አልበላም ብትል፣ ጓደኞቿ እንደሚቀየሙባት ተናገረች። የገጠር ልጅ ምሳ ቋጥራ መጣች ብለው እንደሚስቁም ጨመረች።

«ይቀየማሉ» አሉ መምህሩ። «ይስቃሉም። በእሱስ ማን ያልሳቀበት አለ? ስሚኝ፣ ወፈርሽ ብለው ስለሳቁብሽ ብለሽም አትጀምሪው። ያን ጊዜም ጉርሻው የእነሱ ነው፤ አንዴ ብዪ ብለው፣ አንዴ አትብዪ ብለው ያጎርሱሻል። ትንፋሽሽ ያንቺ ስለ ሆነ ጀምሪው። ነገ አውቶቡስ ከመሳፈርሽ በፊት ሽምብራ ቁዪ፣ ጎመንሽን በእንጀራ ጠቅልዪ፣ ውኃሽን ያዢ። ግቢው ውስጥ ጥላ ፈልገሽ ተቀመጪና ብዪ። መጥቶ ምንድን ነው የያዝሽው የሚልሽ ካለ፣ ምሳዬ ነው በዪው።»